የገብርኤል ጉልላትና የእኛ ሰሜን

ከትምህርት ቤት ያባረረኝ አፌ ነው። እጄ አልሰረቀ፣ ጭንቅላቴ አልደነቆረ፤ አፌ ብቻ ነው። ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ዳይሬክተሩ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ፊታችን ቆሞ፣ «ነገ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ የባሕር ዛፍ አጣና ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ለትምህርት ቤቱ አጥር ነው» አለ። አምና ያመጣነው አጣና የት እንደቆመ አውቃለሁ። የዳይሬክተሩ ላሞች በረት ሆኖ ቆሟል። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ሌላው ሁሉ ዝም ብሏል። እኔ ግን፣ «ጋሼ፣ አጥሩ በእርስዎ በረት ዞሮ ነው እንዴ የሚመጣው?» አልኩ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እኔ አለቅኩ። «ውጣ፣ ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይህ» ተባልኩ፤ ወጣሁ።

ስምንተኛ ክፍል ማለት ቀልድ አይደለም። የሚኒስትሪ ፈተና ያለው እዚያ ነው። ያለፈ ደብረ ታቦር ሄዶ ዘጠነኛ ይቀጥላል። ያልተፈተነ ወደ አባቱ በሬ ይመለሳል። የአባቴን በሬዎች እወዳቸዋለሁ፤ ግን እነሱም እኔም ግትር ስለሆንን አንግባባም። ስለዚህ ወደ ገጠር አልተመለስኩም። ከተማችን ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለች፣ ከጀርባዋ ትልቅ ገደል የቆመባት ትንሽ ከተማ ናት። ያን ጊዜ ክሊኒክ ይሠራ ነበርና ለግንበኛው ድንጋይ አቀባይ ሆንኩ። ግንበኛው ጥሩ ሰው ነው፤ ሲናደድ እንኳ በድንጋዩ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይጮኽም። ውሃ ልኩን፣ ቀጥ ማለትን በገመድና በክብደት የሚያዩበትን ቱምቢ፣ ማዕዘን የሚያወጡበትን ስኳድራ ሁሉ አስያዘኝ። ውሃ ልኩን በጣም ወደድኩት። በዚያ አገር ላይ ሰው ሳይፈራ እውነቱን የሚናገር ነገር ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ግድግዳው የባላባትም ይሁን የድሃ፣ ከተጣመመ በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ወደ ጎን ትሄዳለች፣ አለቀ።

ታኅሣሥ እንደገባ የሳይንስ መምህራችን ክሊኒኩ ድረስ መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ ቀጭን ወጣት ነው፤ ብርዳችን ስለማይስማማው በቀትርም ካፖርቱን አያወልቅም።

«አንተ ነህ ያ ተናጋሪው?» አለኝ።

«ተናጋሪው ተባሯል። እኔ ድንጋይ ተሸካሚው ነኝ።»

ሳቀ። «ውሃ ልክ አለህ?»

«የሰው ነው፤ ግን አለኝ።»

«እንግዲያው መድፉን እንትከለው።»

መድፍ ያለው ቴሌስኮፑን ነው። ከእሱ በፊት የነበረ ፈረንጅ መምህር አገሩ ሲገባ ለትምህርት ቤቱ ትቶት ሄዷል። ረጅም ነጭ ቱቦ፣ ከሥሩ ሦስት የእንጨት እግር። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሲቆም ገበያተኛው አህያውን ነድቶ ሸሽቷል፤ ፖሊሱም መጥቶ «ጥይቱ የታለ?» ብሎ ጠይቋል። ስሙ ከዚያን ቀን ጀምሮ መድፉ ሆኖ ቀረ። ፈረንጁ ከሄደ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ የእግሮቹን ጉድጓድ ክረምቱ ደፍኖታል፣ ኮምፓሱንም ፈረንጁ ይዞት ሄዷል።

አሁን ግን ነገር መጣ። የትምህርት ኢንስፔክተሩ ከደብረ ታቦር ከጥምቀት በኋላ ይመጣሉ፤ አምና ከፈረንጁ ጋር ሲያወሩ «በሚቀጥለው ስመጣ ጁፒተርን አሳዩኝ» ብለው ነበርና አልረሱትም። ዳይሬክተሩ ጨነቀው። መምህሩም አጋጣሚውን አይቶ ስሜን አነሳለት። ዳይሬክተሩ ሁለታችንን ቢሮው አቁሞ እንዲህ አለኝ፦

«ኢንስፔክተሩ ሲያዩ ኮከቡ ከመነጽሩ ሳይወጣ ከቆመ፣ ትገባለህ፤ ትፈተናለህም። ከወጣ ግን አንተም ትወጣለህ።»

«ወጥቼ የለ እንዴ?» ልል አፌን ስከፍት መምህሩ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ያ ቁንጥጫ አንድ ዓመት ትምህርት አድኖልኛል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰማዩ እንደ ወፍጮ መጅ... አይ፣ መጅ ወደፊት ወደኋላ ነው የሚሄደው፤ እንደ ሞተር ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል ልበል። ድንጋዩ የሚዞርበት ዘንግ አለው፤ የሰማዩም ዘንግ ወደ ሰሜን ነው። ቴሌስኮፑም የራሱ ዘንግ አለው። ሁለቱ ዘንጎች ወደ አንድ ቦታ ካዩ፣ አንዲቱን መዘውር በጣት ቀስ እያደረግህ ስታዞር ኮከቡ መነጽሩ መሃል ቁጭ ይላል። ካልገጠሙ ኮከቡ ሾልኮ ይሄድብሃል፤ አንተም ከብት እንደጠፋበት ሰው ሰማይ ለሰማይ ትንከራተታለህ። ስለዚህ መጀመሪያ እግሩን በውሃ ልክ ማስተካከል፣ ቀጥሎ ዘንጉን በአገራችን ልክ ማዘንበል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ሰሜን ማዞር። ማዘንበሉን ፈረንጁ ራሱ በዋንዛ ሽብልቅ አስተካክሎት ሄዷል። ውሃ ልኩ የእኔ ነው። የቀረን ሰሜን ብቻ ነው።

ሰሜን ደግሞ ጠፋ! የሰሜን ኮከብ የሚባለው በእኛ አገር ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ከተማዋን ከጀርባ የያዛት ገደል ጥርግ አድርጎ ይሸፍነዋል። መምህሩ መጽሐፉን ቢያገላብጥ «የሰሜን ኮከብን ተመልከት» ይላል። ገደሉን መጽሐፉ አያውቀውም።

«ምሥራቅን ካገኘን በስኳድራ ሰሜንን እናወጣዋለን» አልኩት። «ምሥራቅ ደግሞ የት ሊጠፋ ነው? ገብርኤል አለ።»

መሪጌታ ዘንድ ሄድን። ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ዳይሬክተሩን አንቱ የምለው ፊቱ ላይ ሲሆን ነው፤ መሪጌታን ግን በሌሉበትም አንቱ እላቸዋለሁ። በደጀ ሰላሙ ጥላ ተቀምጠው ለተማሪ ቀለም እየነገሩ ነበር።

«መሪጌታ፣ ምሥራቅ በየት ነው?»

«እናንተዬ!» አሉ ተማሪዎቻቸውን ዞረው እያዩ። «ይኼ ልጅ ድንጋይ ወደቀበት እንዴ? ቤተ ክርስቲያን ባለበት አገር ምሥራቅ ጠፋኝ ይላል! በምዕራቡ በር ገብተህ ወደ መቅደሱ ስትሰግድ አፍንጫህ የሚያየው ምሥራቅ ነው።»

መምህሩ በደስታ እጁን አፋተገ። ትምህርት ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በምዕራብ በኩል ነው። ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመህ ሽቅብ ብታይ የደጀ ሰላሙ በር መሃልና የጉልላቱ መስቀል በአንድ መስመር ይገጥማሉ። መስመር ከዚህ በላይ ምን አለ? በዚያው ልክ ሲባጎ ወጠርን፣ ችካል መታን፣ በስኳድራው ወደ ግራ አጠፍን፣ ዘንጉን ወደዚያ አዞርን። ውሃ ልኩን በሦስቱም አቅጣጫ አስቀመጥኩት፤ አረፋዋ መሃል ላይ እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። መምህሩ ካፖርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀ።

ጀምበር ስትጠልቅ ጁፒተር ወጣ። መነጽሩ ውስጥ አስገባነው። መዘውሯን ማዞር ጀመርኩ።

«አለ?» አልኩት።

«አለ... አለ... ኧረ እየሄደ ነው። ሄደ።»

መልሰን አመጣነው። ሄደ። እንደገና አመጣነው፤ ሽቅብ ተንሸራቶ ሹልክ አለ፣ ልክ ዕዳ እንደሚጠይቁት ሰው።

«ውሃ ልክህ ነው» አለኝ መምህሩ።

«ውሃ ልኬን አይንኩብኝ! የእርስዎ መጽሐፍ ነው።»

«መጽሐፉ ምን አደረገ?»

«ገደል አያውቅም!»

እንዲህ ስንነታረክ ሰነበትን። እግሮቹን ነቅለን ተከልን፣ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረግን፣ ሽብልቁን ፈትሸን መለስነው። ምሽት ሲሆን ኮከቡ ያው ይሾልካል። ዳይሬክተሩ ከቢሮው ወጥቶ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያየናል። አንድ ቀን ቀረብ ብሎ፣ «ምነው፣ ኮከብህ አጥር የለውም እንዴ?» አለኝ።

ጥሩ ነገር ተናግሯል፤ ይህን አልክድም። ያናደደኝም ጥሩ ስለሆነ ነው። እኔ ብሆን የምለውን ነው የቀማኝ። ያን ምሽት ራት አልበላሁም፤ ከንዴቴ ብዛት ጠግቤ ነበር።

የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። የእኛ ደብር ንግሥ ስለሆነ ከየጎጡ ሰው ይጎርፋል፤ ከእስቴ በኩል ሳይቀር በበቅሎ የሚመጣ አለ። ማለዳ ነጠላዬን ለብሼ ከደጀ ሰላሙ በር ሥር ቆምኩ። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ሊቃውንቱ ውስጥ እየዘመሩ ነው፤ ከበሮው ከደረት ውስጥ የሚመታ ይመስላል። እኔ ግን መጸለዩን ትቼ ከበሩ መሃል ቁልቁል ችካሌን፣ ሽቅብ ጉልላቱን በአንድ ዓይን እየገጣጠምኩ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ።

በዚህ መሃል ፀሐይዋ ወጣች። የት ወጣች? ልክ ከጉልላቱ መስቀል ጀርባ! በመስመሬ ላይ፣ ጸጉር እንኳ ሳትስት። መስቀሉ በእሳት የተሠራ መሰለ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ ግን መስመሩን ዝቅ ብዬ ለማየት ተንበረከክኩ። አጠገቤ የነበሩ ባልቴት «ጸጋ ነካው!» ብለው አማተቡ።

ጸጋ አልነበረም፤ ተንበርክኬ ፀሐይ ሳይ ሌላ ተንበርክኬ ያየኋት ፀሐይ ትዝ አለችኝ እንጂ። ከመስከረም ጀምሮ እስኪያባርረኝ ድረስ ዳይሬክተሩ በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ወደ ፀሐይ አዙሮ ያንበረክከኝ ነበር። «ስላወራህ፣ ስለሳቅህ፣ ስላየኸኝ» እያለ። በመስቀል ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ከወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ጫፍ ላይ ነው፤ ነጸብራቁ ዓይኔን ስላጠፋኝ አልረሳውም። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ከጉልላቱ ወደ ግራ በጣም ርቆ ነው ያለው። ከዚያ በየሳምንቱ ወደ ቀኝ ወደ ቀኝ እየሄደች፣ ስባረር ገና ጉልላቱ ጋ አልደረሰችም። መምህሩ በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናል፣ ያኔ ፀሐይ በትክክለኛው ምሥራቅ ትወጣለች ብሎ አስተምሮናል። እንግዲህ ምሥራቅ ወፍጮ ቤቱ ነው!

ይህን ሁሉ በልቤ ብይዘው ምን ነበረበት? አፌ ግን የእኔ አይደለም።

«ጉልላቱ ምሥራቅ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ምሥራቅ አያይም!»

እልልታው ቀጥ አለ። አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን አነሱ። ሌላው «ይኼ የፈረንጅ ትምህርት ነው ያበላሸው» አለ። ልሮጥ ስል አንድ እጅ ጆሮዬን ጨምድዶ ያዘኝ፤ የመሪጌታ እጅ ነው። እያንጠለጠሉ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

«አንት! በንግሡ ቀን ቤተ ክርስቲያኑን ጠማማ አልከው?»

«ጠማማ አላልኩም መሪጌታ፤ ምሥራቅ አይደለም ነው ያልኩት።»

«ይብስ!»

«ጆሮዬን ይልቀቁኝና ይዩት። ፀሐይዋ የት ነው ያለችው?»

ጆሮዬን ሳይለቁ ዞሩ። ፀሐይዋ ከመስቀሉ ትንሽ ከፍ ብላለች። አዩ። ችካሌን አዩ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱን በጣቴ አሳየኋቸው፤ የመስከረሙን ነገርኳቸው። ጣታቸው ከጆሮዬ ላይ ቀስ እያለ ላላ። ቀጥሎ የሆነውን ማንም አያምነኝም፤ መሪጌታ ሳቁ። ጥምጥማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«አያቴ ሲያጫውቱኝ ሰምቻለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የዚህ ደብር መሠረት የተጣለው በገብርኤል ዕለት ነው። አባቶች ሌሊቱን ሲጸልዩ አድረው፣ ፀሐይ ብቅ ባለችበት አንጻር ችካል ተከሉ። እና ወደ ራሱ ቀን ፀሐይ ነው የሚያየው። ቤተ ክርስቲያኑ አልተሳሳተም፤ እናንተ ናችሁ ከዓመት እስከ ዓመት በዚያው የምትወጣ ፀሐይ መስሏችሁ የለካችሁበት።»

«እርስዎ ነዎት 'አፍንጫህ የሚያየው' ያሉኝ!»

«ለጸሎት መስሎኝ! ለመድፍ ነው ብለህ ነግረኸኛል?»

ወደ ሕዝቡ ተመልሰው፣ «ተዉት፣ ልጁ ደብራችን በገብርኤል ቀን ፀሐይ እንደተተከለ ሲያይ ደንግጦ ነው» አሉ። እልልታው መልሶ ቀለጠ። እኔንም የሚመታኝ ጠፍቶ ጠላ የሚያስጎነጨኝ በዛ። መቋሚያ ያነሱት ሽማግሌ ራሳቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

በማግስቱ መምህሩ ሜዳው ላይ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀኝ። ነገሩን ማታውኑ ነግሬው እንቅልፍ አልወሰደውም። «ወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮው ሰፊ ነው፤ የቱ ጋ ብለን እንለካለን? በጥላ እናረጋግጠው» አለ። ቀጥ ያለ ዘንግ ተከልን፤ በቱምቢዬ ዙሪያውን አቃናሁት። በሲባጎ ዙሪያውን ክብ አሰመርን። ጠዋት የዘንጉ ጥላ ጫፍ ክቡን ሲነካ ምልክት፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ረዝሞ ሲነካ ሌላ ምልክት፤ ከዘንጉ ሥር ወደ ሁለቱ መሃል የሚሄደው መስመር ሰሜን ነው። ሒሳቡ የመምህሩ ነው። መሪጌታም መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸው የቅዳሴ ሰዓት የሚያውቁት ጥላን በእግር እየለኩ ነውና ጥላ ላይ ማንንም አያምኑም።

«አሁን ነካ!» ይላሉ።

«ገና ነው መሪጌታ።»

«ነካ አልኩህ! አንተ የጥላን ነገር ትነግረኛለህ?»

መምህሩ እየሳቀ በሁለታችን ጭቅጭቅ መሃል ምልክቱን አደረገ። ከሰዓት በኋላ ሲባጎውን ስንወጥር ከቀድሞው መስመራችን የት እና የት! ከዚያ በአዲሱ መስመር ላይ ስኳድራውን አሳርፌ ወደ ምሥራቅ ሳይ፣ መስመሩ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ጫፍ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ተነስቼ ጨፈርኩ። እስክስታ አልችልም፤ ግን ወረድኩት። መምህሩም በካፖርቱ ተንቀጠቀጠልኝ። መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ፣ «እሰይ፣ እሰይ፣ ዕብዶች!» አሉ።

ያን ምሽት የቴሌስኮፑን ዘንግ ወደ አዲሱ ሰሜን አዞርን፤ ውሃ ልኩን እንደገና አየሁ። ጁፒተር ገባ። መዘውሯን ማዞር ጀመርኩ።

«አለ?»

«አለ።»

«አሁንስ?»

«አለ።»

«አሁንስ?»

«አለ አልኩህ፤ ተወኝ ልይበት!»

ጥምቀት አለፈ፤ ኢንስፔክተሩ በላንድሮቨር መጡ። ወፈር ያሉ፣ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። ፀሐይ እንደጠለቀች ሜዳው ላይ ወንበር ቀረበላቸው፤ መሪጌታም ሊያዩ መጥተው ከጎኔ ቆመዋል። መምህሩ ጁፒተርን አስገባና፣ «ይመልከቱ» አለ፤ እኔ ከጎን መዘውሯ ላይ ጣቴን አሳርፌአለሁ። ኢንስፔክተሩ አዩ።

«ወይ ጉድ! እነዚህ ትንንሾቹ ምንድን ናቸው?»

«ጨረቃዎቹ ናቸው።»

አይተው እንደሚነሱ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው ሲጋራቸውን ለኮሱና ልጅ ሆነው ስላዩት ጅራታም ኮከብ ማውራት ጀመሩ። ወሬው ከጅራታም ኮከቡ ወደ እናታቸው፣ ከእናታቸው ወደ በቅሏቸው፣ ከበቅሏቸው ወደ አንድ ጠበል ሄደ። የዳይሬክተሩ ዓይን አንዴ እኔን አንዴ ሰማዩን ያያል። እኔ መዘውሯን እንደሚተኛ ሕፃን እያባበልኩ አዞራለሁ፤ በሆዴ «ኧረ በቅሏቸውን ያድርሱልኝ» እላለሁ። በመጨረሻ ሲጋራቸውን ጣሉና ጎንበስ አሉ።

«እንዴ!» አሉ። «ከነጨረቃዎቹ እዚያው አለ! ንቅንቅ አላለም!»

ዳይሬክተሩ ወዲያው ደረቱን ገልብጦ፣ «አዎ ክቡርነትዎ፤ በእኔ አመራር ተማሪዎቻችን...» ብሎ ጀመረ። አፌ ተከፈተ። በረቱም፣ አጣናውም፣ «አጥር የለውም እንዴ» ያለውም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። በዚህ ጊዜ የመሪጌታ መቋሚያ የእግሬ አውራ ጣት ላይ አረፈ። ቀስ ብሎ አይደለም። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህም ከዚያ ወዲያም እንደዚያ ዘግቼው አላውቅም።

መሪጌታም ተራቸው ደረሰና አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። «ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ማሕሌት እንደቆሙ ነው እኮ። ከበሮው ብቻ ነው የቀረ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ጎበዝ፣ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

ምን ልበል? ዳይሬክተሩን አየሁት። እሱም አየኝ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ስምንተኛ ነው ክቡርነትዎ» አለ። «የዘንድሮ ተፈታኝ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ይዤ በበሩ ገባሁ፤ ማንም አላስቆመኝም። ግንበኛው ውሃ ልኩን ተቀብሎ ቱምቢውን «ያዘው፣ የተጣመመ ነገር ስታይ ትለካበታለህ» ብሎ ሰጠኝ።

በየካቲት ደግሞ ተንበርክኬ ነበር። ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ ስለ ንጽሕና ሲናገር እኔ ስለ በረቱ አንድ ነገር ለጎረቤቴ በሹክሹክታ ተናገርኩ፤ ሹክሹክታዬ ግን ከጩኸት አይለይም። ሰንደቅ ዓላማው ሥር ፊቴን ወደ ፀሐይ አዙሮ አንበረከከኝ። ጠጠሩ ጉልበቴን ቢወጋኝም እንዳልስቅ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። ፀሐይዋ ጉልላቱን ወደ ቀኝ ትታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጉዞ ጀምራለች። ቆርቆሮው ጋ ስትደርስ መጋቢት ነው። ከወፍጮ ቤቱ አልፋ ግራው ጫፍ ስትደርስ ደግሞ እኔ ፈተና ላይ ነኝ።